የወደቀ ቅጠል የማን ነው?



ባለፈው ጥቅምት በአንድ ቅዳሜ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ወደ እንጦጦ ተራራ ጉዞ አድርገን ነበር። ስንመለስ አንድ ክርክር ይዘን ወረድን። ክርክሩ በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤ ላይ ቀርቦ አላለቀም፤ በሁለተኛው እሑድም አላለቀም። በመጨረሻ «በጽሑፍ ይውጣና ሁሉም አንብቦ ይፍረድ» ስለ ተባለ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነፋስ ከዛፍ ላይ ያወረደውን ቅጠል ጠርጎ መውሰድ ጥፋት ነውን? ጥፋት ከሆነስ የጥፋቱ ባለቤት ማን ነው?

የሆነውን ከመጀመሪያው እንናገር።

ጠዋት በአንድ ሰዓት ሽሮ ሜዳ ተገናኘን። ሃያ ሦስት ነበርን። የዕለቱ መርሐ ግብር «ተፈጥሮን ማድነቅ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ምሳችንን በየቤታችን አዘጋጅተን ይዘናል፤ እኅቶቻችን ጀበናውንና ስኒውን፣ ወንድሞች ደግሞ ውኃውን፣ ምድጃውንና አንድ ፌስታል ከሰል ተከፋፍለን ተሸከምን። የከሰሉ ነገር ኋላ ይመጣልና አንባቢ ልብ ይበልልን።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት በእግሩ የወጣ ያውቀዋል። እኛ እየተሳሳቅን፣ በየመታጠፊያው እየቆምን ስንወጣ፣ እንጨትና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ይወርዱ ነበር። ሸክሙ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ያርፋል፤ ወርዱ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር የሚደርስ ይመስላል። ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ ሸክም መሸከማቸው የተለመደ ነው፤ አንዳንዷ የራሷን ክብደት የሚያህል ትሸከማለች። ፊታቸው ወደ መሬት ስለ ሆነ «ደኅና አደራችሁ» ስንላቸው የሚያዩት ጫማችንን ነው። ከእኛ አንዱ ይቈጥር ነበር፤ ማርያም እስክንደርስ አሥራ ሰባት ሆኑ። በዚያ ሰዓት ይህን ያህል ሸክም ይዞ የሚወርድ ሰው ጫካው ውስጥ ስንት ሰዓት እንደ ገባ ማስላት አያስቸግርም። ጅብ ገና ወደ ጕድጓዱ ሳይመለስ ነው።

እንጦጦ ማርያም ተሳልመን፣ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን ቦታ አይተን፣ ወደ ጫፉ ወጣን። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ዕለቱ ጠርቶ ስለ ነበር በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ፉሪ፣ በምሥራቅ በኩል የረር ይታዩ ነበር፤ ከሩቅ ዝቋላን ያየ እንዳለ ግን ተከራክረን አልተስማማንም። በዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት የሚያጠና ወንድማችን ከቆምንበት ጀርባ ላይ የሚወርድ ዝናብ ለሁለት እንደሚከፈል አስረዳን። በደቡብ በኩል የወረደው በቀበና አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ሄዶ ባሕር ሳይደርስ በበረሓ ይቀራል፤ በሰሜን በኩል የወረደው ግን በሙገር አድርጎ ከዓባይ ይገባል። ይህን ሰምተን ብዙ ተደነቅን፤ መርሐ ግብሩም እስከዚህ ድረስ እንደ ስሙ ሄደ።

ደን ስንል ግን ምን ማለታችን እንደ ሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ዛሬ በእንጦጦ ላይ ዐይን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው፤ ስሙም እንደሚመሰክረው ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ከእርሱ በፊት ተራራው የጥድና የወይራ አገር ነበር። አፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከነሠራዊታቸው እዚያ ሰፈሩ። ቤተ መንግሥቱ፣ የመኳንንቱ ግቢ፣ የወታደሩ ጎጆ ከዚያው ዛፍ ተሠራ፤ የሁሉም ምድጃ በዚያው ዛፍ ነደደ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከታች በፍልውኃ ዙሪያ ስትቈረቈር ማገዶው ከላይ ይወርድላት ጀመር። ከዚያም ብዙ ሳይቈይ እንጨት እያለቀ ሄደና ከተማይቱ ራሷ ልትፈልስ ደረሰች፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ ተጀምሮ ነበር። ለዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥት በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ከተማይቱን ካቆዩአት ነገሮች ዋናው በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ጥድ ለማደግ የሰው ዕድሜ ሲፈልግ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል።

እንግዲህ ልናደንቀው የወጣነው ደን አብዛኛው እንዲነድ የተተከለ ደን ነው። ይህን ስንሰማ አንዳንዶቻችን ቅር አለን፤ ጥንት ከፍጥረት ጀምሮ የነበረ መስሎን ነበርና።

ከ1980ዎቹ ወዲህ በተራራው ላይ ባሕር ዛፉን እየቀነሱ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ የመሳሰሉትን አገር በቀል ዛፎች መልሶ የመትከል ሥራ ተጀመረ፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ የከተማው ሰው ለሽርሽርና ለንጹሕ አየር ይወጣል። መልካም ነው። የተከለለው ቦታ ውስጥ ገብተን እንዳየነው፣ ሰውና ከብት ካልረገጠው ከባሕር ዛፉ ሥር እንኳ ጥዱ ራሱ ይበቅላል፤ አምጃውና ቀጋው ይከተለዋል። ወፎችም ከዚያ በኩል ይበዛሉ።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ምሳ ልንበላ ስንል የደኑ ጥበቃ መጣ። ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። እሳት ደን ውስጥ እንደማይነድ ነገረንና ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ ወዳለ ገላጣ ቦታ ወሰደን፤ ራሱ ሦስት ድንጋይ አምጥቶ ለምድጃችን ነፋስ ከለለልን። ከሰሉ ተቀጣጠለ፤ ቡና ተቈላ። እርሱም አብሮን ተቀመጠ።

ቡናው ሳይፈላ ከእኛ አንዱ፣ ስሙን አንጽፍም፤ ከሁላችንም አፍ ሊወጣ ይችል ነበርና፣ እንዲህ አለው። «ወንድሜ፣ እናንተ እዚህ ስትጠብቁ በዚያኛው በኩል እኮ እየጨረሱት ነው፤ አሁን ስንመጣ አንዲት ሴትዮ ሲጠርጉ አይተናል።» ይህን ያለው በክፋት አይደለም። ጠዋት ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ንግግር ያደረገልን እርሱ ነበር፤ የሚያምንበትን ነው የተናገረው። ጥበቃው ስኒውን አስቀምጦ ሄደ። ጥቂት ቈይቶ አንዲት ሴት አስከትሎ ተመለሰ።

ዕድሜያቸው ከሃምሳ የሚያልፍ ይመስላል። ሸክሙ ጀርባቸው ላይ ነው። «እናቴ፣ አውርጂው» አላቸው። አወረዱት። ገመዱን ሲፈታው አብዛኛው ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነበር፤ ከዳርና ከዳሩ ግን ለጋ የጥድ ቅርንጫፎች ወጡ፤ ከተቈረጡ አንድ ቀን አልሆናቸውም። ጥበቃው አንሥቶ አሳየን። ሴትዮዋ «እሱ ቅጠሉ እንዳይፈስ ማቀፊያ ነው ልጄ፤ ያለ እሱ አይታሰርም» አሉ። እርሱም «እኔ ምን ላድርግ እናቴ፤ ዛሬ አንቺን ባሳልፍ ነገ ሃምሳ ይመጣሉ» አለ። ቍጣ አልነበረበትም። ሸክሙ ከጥበቃ ቤቱ ኋላ ተደፋ።

እኛ ሃያ ሦስት ሰዎች ሰልፍ የወጣን ይመስል ቆመን እናያለን። ከዚያ አንዲት እኅታችን ሻርፗን ዘርግታ ገንዘብ አሰባሰበች፤ ሁላችንም ያለንን ጣልን፤ ቡናም እንዲጠጡ ለመንናቸው። እማማ ቡናውን ቆመው ጠጡ፤ ገንዘቡን ተቀበሉ፤ «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ፤ የዛሬውን ከፈላችሁልኝ» አሉና ወረዱ። የዛሬውን ያሉት ምርቃት ነው ወይስ ሒሳብ? በጉባኤው ላይ ከተከራከርንባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

የመጀመሪያው ወገን ክርክር እንዲህ የሚል ነው። ሴትዮዋ ችግረኛ መሆናቸውን ማንም አልካደም። ነገር ግን ደን የሚያልቀው በአንድ ሰው ክፋት ሳይሆን ክፉ ያልሆኑ ብዙ ሰዎች በሚወስዱት ድምር ነው። እያንዳንዱ ሸክም ለብቻው ሲታይ ይቅር ይባላል፤ ሁሉም ይቅር ከተባለ ግን ተራራው ይራቈታል። ጥበቃው «ሃምሳ ይመጣሉ» ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው። ከዚህም በላይ ክረምት ሲመጣ ከተራቈተው ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የሚደርሰው በቀበናና በግንፍሌ ዳር በጭቃ ቤት ለሚኖሩት ድሆች ነው እንጂ ለባለ ፎቁ አይደለም። ስለዚህ ለአንዲት ድኻ ማዘን በሌላ ድኻ ላይ መፍረድ ይሆናል ተባለ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኛም እስከ መጨረሻው አልጣልነውም።

ሁለተኛው ወገን የቃርሚያን ሕግ አነሣ። በኦሪት እርሻውን የሚያጭድ ሰው ዳር ዳሩን ጨርሶ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ዘለላ እንዳይለቅም፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተውላቸው ታዟል። ሩትም ከቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚሁ ሕግ ነው። ታዲያ የወደቀ ቅጠል ቃርሚያ ካልሆነ ምን ቃርሚያ ይሆናል? ብላ አንዲት እኅታችን ጠየቀች። ብዙዎቻችን በዚህ ረክተን ነበር።

የሥነ ሕይወት ተማሪው ግን ተነሥቶ እንዲህ አለ። ከእርሻ ላይ የወደቀ ዘለላ ትርፍ ነው፤ ባይቃረም ወፍ ይበላዋል፤ እርሻውም በሚቀጥለው ዓመት ይዘራል። ከዛፍ ላይ የወደቀ ቅጠል ግን ትርፍ አይደለም። በስብሶ መሬቱን የሚመግበው እርሱ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዝናቡን ዱላ የሚቀበልለት ልብሱም እርሱ ነው። ባሕር ዛፍ እንደ ሆነ ከሥሩ ሣርና ቍጥቋጦ እምብዛም አያስጠጋም፤ ቅጠሉም ከተጠረገ መሬቱ ዕራቁቱን ይቀራል። እንግዲህ ቅጠሉን መውሰድ ቃርሚያውን ሳይሆን ዘሩን መውሰድ ነው አለ። ዝም አልን። የሰማነው ሁሉ እውነት ነበርና።

ዝምታውን የሰበረችው ያን ቀን ከሰሉን ስታራግብ የነበረችው እኅታችን ናት። «ለመሆኑ ያ ከሰል ከየት መጣ?» አለች። ከሰፈር ሱቅ ነው አልናት። «ሱቁስ ከየት አመጣው?» ይህን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ መልሱ ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ከሰል ብዙው ከሩቅ ቆላ፣ ከስምጥ ሸለቆው የግራር ዱር በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። በዚያ ግራር ሥር ለሽርሽር ሄደን አናውቅም፤ ስሙንም የምናውቀው ቦታ አይደለም። እንግዲህ ያን ዕለት በእንጦጦ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ፌስታል የተቃጠለ ግራር የያዝን ሰዎች ጥበቃው ነፋስ ከልሎልን ቡና አፈላን፤ ደረቅ ቅጠል የያዙት ሴት ሸክማቸውን ተቀሙ። ጥበቃውም በሁለቱም ትክክል ነበር። የእርሱ ሥራ እንጦጦን መጠበቅ ነው፤ ግራሩን ጠብቅ ያለው የለም።

ከዚህ በኋላ የቃርሚያውን ሕግ እንደ ገና ተመለከትነውና ቀድሞ ያላየነውን አየን። ሕጉ የተነገረው ለቃራሚዋ አይደለም፤ ለባለ እርሻው ነው። ዳሩን እንዳያጭድ የታዘዘው እርሱ ነው። ታዲያ የእንጦጦ ባለ እርሻ ማን ነበር? ከላይ እንደ ተረክነው ከተማይቱ ናት። ጥዱን እስከ ዳሩ አጨደችው፤ ባሕር ዛፉን ተክላ እርሱንም መቶ ዓመት አጨደችው። አሁን ልትጠግብ ሆነ፤ ኤሌክትሪክ ገባ፤ የምንገዛበት ሱቅ መጣ፤ ተራራውንም ለዐይኗ ፈለገችው። ማጨድ ይብቃ ስትል ግን የጀመረችው ከዳር ቆመው ከሚለቅሙት ነው። እኛ ደግሞ የዚያች ከተማ ልጆች ነን። ያ ቅጠል በሽሮ ሜዳና በቁስቋም በኩል ወርዶ የሚነደው በእንጀራ ምጣድ ሥር ነው፤ ከየሱቁ የምንገዛው እንጀራ በምን እንደ ተጋገረ ማን ጠይቆ ያውቃል?

«እንግዲያስ ይጨርሱት?» የሚል ይኖራል። አይደለም። እኛ ይህን የጻፍን ክልከላው ልክ ነው እንላለን፤ ጥዱ መቈረጥ የለበትም፤ ቅጠሉም ቢቀር ለመሬቱ ይሻላል። ነገር ግን የከለከለ ሰው በዚያው ቅጽበት ባለዕዳ ይሆናል ብለን እናምናለን። ቅጠሉን ትተው የሚወርዱት ሴት የሚተዉት ለእኛ ነው፤ ለእኛ አየር፣ ለእኛ ሽርሽር፣ ለልጆቻችንም ውኃ። ከእኛ ከሃያ ሦስታችን ደኑ ስለ ተከለለ አንዲት እራት የጎደለችበት የለም። የሰጠነው የሻርፕ ገንዘብም ዕዳውን አልነካውም፤ እማማ ራሳቸው በትክክል እንደ መዘኑት የአንድ ቀን ነው። ዕዳው ፈጽሞ የማይከፈል ነው ብሎ ማምለጥም አይቻልም። በዚሁ ተራራ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሽመና ተምረው፣ ሻርፕና ነጠላ እየሠሩ ሲሸጡ ኖረዋል። ከጥቂቶች አልፎ ሁሉን አላዳረሰም እንጂ መንገዱ የታወቀ ነው። ከመካከላችን ከእነርሱ ሻርፕ የገዛ ይኖር እንደ ሆነ ብንጠይቅ አንዲት እጅ አልወጣችም።

ይህን ሁሉ ሲሰማ ለጥበቃው የተናገረው ወንድማችን «ስለዚህ ዝም ማለት ነበረብኝ?» ብሎ ጠየቀ። እስከ ዛሬ መልስ ያልሰጠነው ለእርሱ ነው። ዝም ቢል ጥዱ ይቈረጥ ነበር፤ ቢናገርም የሆነው ሆነ። አንዳንዶች ከመናገሩ በፊት ሄዶ ከሴትዮዋ ጋር መነጋገር ነበረበት ይላሉ። ምን ብሎ? «እማማ፣ ጥዱን ይተዉት፤ ቅጠሉን ይውሰዱ» ብሎ? ያንን ለማለት ደግሞ በእርሱም በእኛም እጅ ሥልጣን የለም። ከእኛ የሚበልጡት ግን አንድ ነገር ይስማማሉ። ከእርሱ ጋር ሆኖ ያላየ፣ ያልሰማ፣ ቡናውን ያልጠጣ ስለሌለ ጥፋት ከሆነ የሃያ ሦስታችንም ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር ቀርተናል። እማማ ከወረዱ በኋላ ጥበቃው ገመዱን ጠቅልሎ ሰጠን። «ገመዱ የእሳቸው ነው፤ የተከለከለው እንጨቱ እንጂ ገመዱ አይደለም። ታች ካገኛችኋቸው ስጡልኝ» አለ። ሮጠን ወረድን፤ አላገኘናቸውም። ስማቸውንም አልጠየቅንም ነበር፤ ቡና ሰጥተን ስም አለመጠየቃችን አሁን ያሳፍረናል። ገመዱ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ከከበሮዎቹ አጠገብ ተሰቅሏል። አሮጌ የጠፍር ገመድ ነው፤ በሁለት ቦታ ተቀጥሏል፤ ከመካከሉ በብዙ መጐተት ለስልሷል።

ይህም ራሱ ክርክር ሆነ። ግማሾቻችን «ገመዱ የሰው ንብረት ነው፤ ዛሬውኑ ይመለስ» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ገመዱን መመለስ ነገም ሂዱና ተሸከሙ ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ሳንይዝ ገመድ ብቻ ይዘን እንዴት እንሄዳለን?» ይላሉ። ሥራ አስፈጻሚው የሁለቱንም ሰምቶ በመጪው ቅዳሜ አራት ሰዎች እንዲሄዱ ወስኗል። ሴቶቹ ወደ ተራራው የሚወጡት ገና ሳይነጋ ስለ ሆነ መገናኛው ከንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ሽሮ ሜዳ ነው። መጨመር የሚፈልግ አባል ለጸሐፊው ያስታውቅ። እማማን ካገኘናቸው ገመዱን እንሰጣቸዋለን፤ ስማቸውንም እንጠይቃለን። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደምንላቸው ግን እስከዚች ሰዓት አልተስማማንም።